ቤቱ አልቋል፣ ሰፈሩስ? ፓራላይቭስን ከኮዬ ፈጬ ሆኖ መጠበቅ

ቤታችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የ2018 ካሌንደር ሁለት ቀኖች ተከበዋል። አንደኛው ኅዳር 29 ነው። በቀይ እስክሪብቶ ተከቦ ኋላ ተሰርዟል። ሁለተኛው ግንቦት 17 ነው። ይሄኛው የተከበበው በእርሳስ ነው። የከበበችው ታናሽ እህቴ ናት። ለምን በእርሳስ እንዳደረገችው ስጠይቃት፣ «እንደገና ቢያራዝሙትስ? በእስክሪብቶ አንዴ ጉድ ሆኛለሁ» አለችኝ።

የምትጠብቀው ፈተና ወይም ሠርግ እንዳይመስላችሁ። ጌም ነው። ፓራላይቭስ ይባላል። እኔም አብሬያት እጠብቃለሁ። አጠባበቃችን ግን ይለያያል። እሷ በሙሉ ልቧ ነው። እኔ ግማሹ ጉጉት፣ ግማሹ ስጋት ነው። ስጋቴ ከየት እንደመጣ ደጋግሜ ሳስበው፣ ከምንኖርበት ቦታ ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኘሁት። የምንኖረው ከአዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው።

ለማያውቀው ሰው ከመሠረቱ ላስረዳ። ጌም ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ሰፈር ጌም ቤት ውስጥ ወረፋ የሚጠበቅለት ኳስ ነው። ወይ ተኩስ ነው። የኑሮ ጌም ሌላ ነው። ማሸነፍና መሸነፍ የለውም። ሰው ትፈጥራላችሁ። መልክና ጠባይ ትሰጡታላችሁ። ቤት ትሠሩለታላችሁ። ከዚያ ሥራ ይገባል፣ ያፈቅራል፣ ይጣላል፣ ይወልዳል፣ ያረጃል። የዚህ ዓይነቱ ጌም ዋና ስም ዘ ሲምስ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ወጣ (ከዚህ በኋላ ከጌሞቹ ጋር የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አራተኛው በ2014 ወጣ። እስከ ዛሬም ያለው እሱ ነው። በ2024 ባለቤቱ ኤሌክትሮኒክ አርትስ አራተኛውን የሚተካ አምስተኛ እንደማይኖር ተናገረ። ስለዚህ አዲስ ነገር የሚፈልግ ተጫዋች ዓይኑን ወደ ሌላ ማዞር ነበረበት።

ብዙ ዓይን ያረፈው ፓራላይቭስ ላይ ነው። ጀማሪው አሌክስ ማሴ የሚባል ካናዳ ሞንትሪያል ያለ ሰው ነው። ጌሙን በ2019 ይፋ ሲያደርግ ብቻውን ነበር። ቀስ እያለ አነስተኛ ቡድን ሰበሰበ። ገንዘቡ የመጣው ከትልቅ ኩባንያ አይደለም። ፔትሪዮን በሚባለው መንገድ ደጋፊዎች በየወሩ ከሚያዋጡት ነው። ዕቁብ አይደለም፣ ምክንያቱም የሚደርሳቸው ብር የለም። የሚደርሳቸው ጌሙ ነው።

እህቴ አርክቴክቸር ተማሪ ናት። እሷን የያዛት የግንባታው ነገር ነው። ዘ ሲምስ 4 ላይ ግድግዳ የሚቆመው በካሬ ካሬ በተከፋፈለ ወለል ላይ ነው። ፓራላይቭስ ላይ ያ ካሬ አያስገድድም። ግድግዳው በፈለጋችሁት ልክ ይቆማል፤ መጉበጥም ይችላል። መስኮቱን፣ ጠረጴዛውን፣ አልጋውን ጎትቶ ማስፋት ወይም ማሳጠር ይቻላል። እኔን የያዘኝ ደግሞ ትንሽ የምትመስል ነገር ናት። ሲምስ ላይ አዋቂ ሰው ሁሉ ቁመቱ እኩል ነው። ፓራላይቭስ ላይ ቁመት ይለያያል። እናታችን አጭር ናት። አባታችን ረጅም ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሜ ማየት የምችልበት ጌም እስካሁን አላገኘሁም።

እንግዲህ ጌሙ ኅዳር 29 ሊወጣ ነበር። ቀኑ ሲቃረብ ቡድኑ ወደ ግንቦት 17 አራዘመው። ምክንያታቸውን አልደበቁም። ጌሙን ቀድመው የሞከሩ ሰዎች ያልታረሙ ስህተቶች አገኙ። ከዚያ በላይ ግን ከተማው ውስጥ የሚሠራ ነገር አነሰ። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ሰዎቹ ያምራሉ፣ ከበር ሲወጣ ግን ያለው ኑሮ ገና ነው ማለት ነው።

እህቴ ይሄን ስታነብልኝ ሳቅኩኝ። ሳቄ የማሾፍ አልነበረም። የማውቀው ነገር ስለሆነ ነው።

እኛ ኮዬ ፈጬ ስንገባ ቤቱ ነበር። ሰፈሩ ግን አልነበረም። ዕጣው ሲወጣ እናታችን እልል ብላለች። ቁልፍ ስንረከብ ያገኘነው ጅምር ነው። ወለሉ ሊሾ፣ ግድግዳው ያልተቀባ። ሴራሚክ አነጠፍን፣ ቀለም ቀባን፣ የኩሽናውን ቁምሳጥን አሠራን። በወራት ውስጥ ቤታችን ዓይን የሚሞላ ሆነ። በሩን ከፍተን ስንወጣ ግን ንፋስ ብቻ ነው። ሱቅ የለም። ታክሲ የለም። ዳቦ ለመግዛት ረጅም መንገድ ይኬዳል። ውሃ ሦስተኛ ፎቅ አይደርስም፤ በጄሪካን እንጭናለን። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ ማንም ማንንም አለማወቁ ነው። ዕጣ የሰበሰበን ነን። አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ከአራት ኪሎ፣ አንዱ ከሳሪስ። እናታችን ሠላሳ ዓመት በአንድ ግቢ የኖረች ሴት ናት። ማታ ማታ ያንን የተቀባ ግድግዳ እያየች፣ «ቤትስ ቤት ነው፣ ሰው ናፈቀኝ» ትል ነበር።

ሰፈሩ የመጣው በኋላ ነው። መጀመሪያ አንዲት ሴት ከብሎኩ ሥር ቲማቲምና ቃሪያ ዘርግታ ጉልት ጀመረች። ቀጥሎ ምድር ቤት ሱቅ ተከፈተ። አንድ ቀን ከፊት ለፊታችን ያለችው ሴትዮ በር አንኳኩታ «ቡና ጠጡ» አለች። እድሩ የተቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው። ለጋራ መጠቀሚያ ተብሎ የተሠራው ቤት መጀመሪያ ባዶውን ነበር። ኋላ በግ የሚታረድበት፣ የድግስ ወጥ የሚሠራበት፣ ድንኳን የሚቀመጥበት ሆነ። ያኔ ነው ሰፈር ነው ያልኩት።

(አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የኑሮ ጌሞች ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከባዶ ሣር ነው። መሬቱን ትመርጣላችሁ፣ ቤት ታቆማላችሁ። እዚህ መሬቱ ባዶ አልነበረም። ገበሬዎች ጤፍ የሚዘሩበት ነበር። ከብሎኮቹ ወዲያ አሁንም ማሳ ይታያል። ይሄን ማንም ጌም አላሳየኝም።)

ለምንድን ነው ታዲያ ቤት መሥራቱ ቀድሞ ኑሮው የሚዘገየው? ለጌም ሠሪዎቹም ቢሆን ይሄ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። አሠራሩን ማየት ይጠቅማል።

ዘ ሲምስን የፈጠረው ዊል ራይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ካሊፎርኒያ ኦክላንድ ላይ በተነሳው ትልቅ እሳት ቤቱ ተቃጠለ። ዕቃውን አንድ በአንድ መልሶ ሲገዛ፣ ሰው የትኛውን ዕቃ ለምን እንደሚፈልገው ማሰብ ጀመረ። ጌሙ ከዚያ ተወለደ። ቤቱ ፈርሶበት ወደ ዳር ወጥቶ ማንኪያና ድስት እንደ አዲስ የገዛ የአዲስ አበባ ሰው ይሄ ታሪክ ይገባዋል።

የጌሙ አሠራርም ከዚሁ ሐሳብ ጋር ይሄዳል። ሲምስ ውስጥ አብዛኛው ብልሃት ያለው ዕቃው ላይ ነው። ሰውየው ረሃብ፣ እንቅልፍ፣ ንጽሕና፣ ጨዋታ የሚባሉ ፍላጎቶች አሉት። ፍሪጁ «እኔ ጋ ብትመጣ ረሃብህ ይቀንሳል» ብሎ ይጣራል። አልጋው «እኔ ጋ ድካምህ ይወጣል» ይላል። ሰውየው ጥሪዎቹን ያመዛዝንና በጊዜው ወደሚሻለው ይሄዳል። ድንቅ ዘዴ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ላሉ ጥቂት ሰዎች በደንብ ይሠራል። ሰዎቹ የራሳቸው ሐሳብ ያላቸው ይመስላሉ።

ችግሩ ከበር ውጭ ነው። ሰፈር ዕቃ አይደለም። ጎረቤት ጎረቤቱን ማወቅ አለበት። ትናንት የተባለውን ዛሬ ማስታወስ አለበት። እናንተ ሳታዩትም መኖር አለበት። ሁሉም ነዋሪ በአንድ ጊዜ ሲኖር ኮምፒውተሩ ይጨነቃል። በ2009 የወጣው ዘ ሲምስ 3 ይሄን ሞከረ። ከተማው ሙሉ በሙሉ ክፍት ነበር። ጎረቤት ያለ እናንተ ትእዛዝ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ቤት ይቀይራል። ብዙዎች እስከ ዛሬ የሚወዱት ለዚህ ነው። ግን ኮምፒውተር ያንቀራፍፋል፤ ከተማው በቆየ ቁጥር ይብሳል። አራተኛው ከዚህ ሸሸ። ከተማውን ቆራረጠው። ከቤት ወጥቶ ጎረቤት ለመሄድ የመጫኛ ስክሪን ፊት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ፍጥነት ተገኘ፣ ሰፈር ቀረ።

ፓራላይቭስ ክፍት ከተማ እሠራለሁ ብሏል። በአነስተኛ ቡድን። ግማሹ ስጋቴ እዚህ ላይ ነው። የሚያምር ግድግዳ በፎቶና በቪዲዮ ቶሎ ይታያል። ለስድስት ዓመት ልባችንን የሰቀለውም እሱ ነው። የጎረቤት ኑሮ ግን በፎቶ አይታይም። የሚታወቀው ሰው ሲኖርበት ነው። ስለዚህ ማራዘማቸው ለእኔ ጥሩ ምልክት ነው። ሞካሪዎቹ «ከተማው ባዶ ነው» ሲሉ ሰምተው ቆሙ ማለት ነው። እህቴ ግን ያን ሰሞን ሁለት ቀን አኩርፋለች።

ስጋቱን የሚያባብሱ ሌሎች ታሪኮችም አሉ። ላይፍ ባይ ዩ የሚባል ጌም ነበር። ፓራዶክስ የተባለው የስዊድን ኩባንያ ነበር የሚያሠራው። የሚመራው ቀድሞ የሲምስ ኃላፊ የነበረው ሮድ ሃምብል ነው። ገንዘብም ልምድም ነበረው። ቀኑ በተደጋጋሚ ተራዘመ። በመጨረሻ በሰኔ 2024 ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ፤ ስቱዲዮውም ተዘጋ። የኑሮ ጌም የሚጠብቅ ሰው «ተራዘመ» የሚለውን ቃል ሲሰማ የሚደነግጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ኢንዞይ ደግሞ በሌላ በኩል መጣ። የደቡብ ኮሪያው ክራፍተን በመጋቢት 2025 ለቀቀው። በመጀመሪያው ሳምንት ከ1 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። መልኩ ፊልም ነው የሚመስለው። ስንቶቻችን ግን ልንከፍተው እንችላለን? ዝቅተኛው መስፈርት 12 ጊጋባይት ራምና አርቲኤክስ 2060 ግራፊክስ ካርድ ይላል። እኔ አንድ ጓደኛዬ ቤት ሄጄ ለአንድ ከሰዓት ተጫወትኩት። መንገዱ ሰው በሰው ነው። ሁሉም ቆንጆ ነው፣ ሁሉም ይራመዳል። አንዱም ግን የት እንደሚሄድ የሚያውቅ አልመሰለኝም። ቤቴ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ያሰብኩት መጀመሪያ የገባን ሰሞን ስለነበረው ኮዬ ነው።

ሲምስ 4 ራሱ ሲወጣ ጎዶሎ ነበር። በ2014 መዋኛ ገንዳ አልነበረውም። ድክ ድክ የሚል ሕፃን አልነበረውም። ገንዳው በዚያው ዓመት መጨረሻ ገባ። ሕፃናቱ የመጡት በጥር 2017 ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ልጅ ከአልጋው ተነስቶ በቀጥታ ተማሪ ይሆን ነበር ማለት ነው። ዋናው ጌም ከ2022 ወዲህ በነጻ ይሰጣል። የማስፋፊያ ጥቅሎቹ ግን ለየብቻ ይሸጣሉ። ሁሉም ቢገዙ ከ1,000 ዶላር በላይ ይሆናል። ዝናብን ትገዛላችሁ። ውሻን ትገዛላችሁ። ዩኒቨርሲቲን ትገዛላችሁ።

ፓራላይቭስ ማስፋፊያ አንሸጥም፣ የምንጨምረው ሁሉ ለገዛ ሰው በነጻ ነው ብሏል። ይሄ ቃል ለእኛ ከሌላው ዓለም ይበልጥ ትርጉም አለው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም እዚህ ከዋጋው በላይ የሚያደክመው መክፈሉ ነው።

የጌሙ ዋጋ ወደ 40 ዶላር ነው። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ከመለወጡ በፊት በባንክ ዋጋ ይሄ ወደ 2,300 ብር ነበር። ዛሬ ወደ 6,000 ብር ደርሷል። እሱም ዶላሩ ከተገኘ ነው። ደመወዛችን የሚገባበት የባንክ ካርድ ስቲም ላይ፣ ማለትም ጌሞች በኢንተርኔት በሚሸጡበት መደብር፣ አይከፍልም። ስለዚህ አብዛኛው ሰው የስጦታ ካርድ ኮድ በቴሌግራም ከሚሸጡ ሰዎች ይገዛል። ሻጩ የራሱን ይጨምርበታል። መተማመን ነው እንግዲህ። እኔ ባለፈው ዓመት ከአንዱ የገዛሁት ኮድ ቀድሞ ሌላ ሰው የተጠቀመበት ሆኖ አገኘሁት። ብዬ ብዬ ገንዘቤን አልመለሰልኝም። አንዴ ከፍሎ መገላገል ይሻላል የምለው በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው። በየሦስት ወሩ ለዝናብና ለውሻ እንዲህ መንከራተት አይቻልም።

ብዙ ሰው ይሄን ሁሉ ድካም ትቶ ክራክ፣ ማለትም ያልተከፈለበት የተሰረቀ ቅጂ፣ ያስጭናል። ኮምፒውተር ቤት ሄዶ በፍላሽ መቅዳት ነው። እኔም ልጅ ሆኜ ሲምስን ያወቅሁት እንደዚያ ነው፤ አልክድም። ለእንደዚህ ዓይነት ጌም ግን መንገዱ አያዋጣም። ግንቦት 17 የሚወጣው ያለቀ ጌም አይደለም። ቅድመ መዳረሻ የሚሉት ነው። ሠሪዎቹ እየሸጡ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ፤ ስህተት ያርማሉ፣ አዲስ ነገር ይጨምራሉ። በፍላሽ የተቀዳው በተቀዳበት ቀን ይቆማል። የእናንተ ከተማ የመጀመሪያው ቀን ከተማ ሆኖ ይቀራል፤ ባዶውን።

ኢንተርኔቱም መብራቱም የየራሳቸው ወሬ አላቸው። ስለ መብራት አንድ ነገር ብቻ ልበል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ያለው ሰው ጌሙን ቶሎ ቶሎ ሴቭ ማድረግ ይልመድ። እህቴ አንድ ጊዜ የሦስት ቀን ቤቷን በአንድ ብልጭታ አጥታለች። አልቅሳለች።

አሁን ወደ ክርክራችን ልመለስ። እኔ የመጀመሪያ ቀን አልገዛም ባይ ነኝ። አንድ ሁለት ወር ልጠብቅ። ሌሎች ሲጫወቱት በዩቲዩብ ልይ። የማየው ቤቱን አይደለም። አንድ ሰው ጎረቤቱ ጋ ሳይጠራ ይሄዳል ወይ? የታመመን ይጠይቃል ወይ? ሁለት ሰዎች ተጣልተው ሦስተኛው ሊያስታርቅ ይገባል ወይ? ገበያ ውስጥ የተገናኙ ሰዎች ነገ ሲገናኙ ይተዋወቃሉ ወይ? እድር ይኑረው አልልም፤ ሞንትሪያል ያለ ሰው እድርን ከየት ያውቀዋል። ግን የትም አገር ቢሆን ሰፈር እነዚህን ነገሮች ይፈልጋል። ካሉ እገዛለሁ። ከሌሉ ሌላ ዓመት እጠብቃለሁ።

እህቴ በመጀመሪያው ቀን ትገዛለች። ለክፍል ጓደኞቿ ስዕል በአውቶካድ እየሠራች ያጠራቀመችው ብር አላት። እኔ «ያላለቀ ነገር በ6,000 ብር ይገዛል?» ስላት መልስ አላጣችም።

«እማዬ ኮዬ ስትገባ አልቆ ነበር?» አለችኝ።

ዝም አልኩ።

«ውሃ ሳይኖር፣ ታክሲ ሳይኖር ገባች። ሁሉም እስኪያልቅ ልጠብቅ ቢል ኖሮ ማን ጉልት ይዘረጋ ነበር? ማን ቡና ይጠራ ነበር? መጀመሪያ የሚገቡ ሰዎች ናቸው ምን እንደጎደለ የሚናገሩት።»

ልዩነት እንዳለው ነገርኳት። እናታችን የገባችው ቤቷ ውስጥ ነው፣ ሌላ መሄጃም አልነበራትም። ጌም ግን የሸጠው ሰው ነገ ጥሎት ሊሄድ ይችላል፤ ላይፍ ባይ ዩ ገና ሳይሸጥ ቀርቷል። ይሄን ተቀበለች። እኔም የእሷን ተቀበልኩ። የፓራላይቭስ ቡድን ከተማው ባዶ መሆኑን ያወቀው ቀድመው በገቡ ሰዎች አፍ ነው። የገንዘቡን ግማሽ እኔ እሸፍናለሁ ብያታለሁ። አሁንም ግን እሰጋለሁ።

እስከዚያው እቅዷን በወረቀት ጀምራለች። መጀመሪያ የምትሠራው ዘመናዊ ቪላ መስሎኝ ነበር። የእኛኑ ቤት ነው። ባለ ሁለት መኝታውን፣ ጠባቧን ኩሽና፣ በረንዳውን፣ ሁሉንም በልኩ አስቀምጣዋለች። ባለፈው እሁድ እናታችን ቡና እያቆላች ወረቀቱን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው። መነጽሯን አስተካክላ ጣቷን በረንዳው ላይ አስቀመጠች።

«ይሄን ትንሽ አስፊው» አለቻት። «ረከቦቱ ሲቀመጥ ሰው የት ሊቀመጥ ነው?»

እህቴ ላጲስ አነሳችና መስመሩን አጥፍታ እንደገና አሰመረችው።